አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ረጅም ነው ብላችሁ እንዳታማርሩኝ፤ የሚያስረዝመው እኔ ሳልሆን እምቢ ባዮቹ ናቸው። አንዱ እምቢ ይላል፣ ሲጠይቁት በሌላው ያመካኛል፣ ሌላውም በሌላው ያመካኛል። እኔ የሆነውን ከመናገር ሌላ ምን ላድርግ።

ውሃ ከማይጠፋበት አንድ የመስኖ አገር አያ ዘርጋው የሚባል ነጭ ሽንኩርት አብቃይ ነበረ። ሥራው ውሃ ነው። ጠዋት ውሃ ይጠልፋል፣ ቀትር ላይ ውሃ ይመልሳል፣ ማምሻውን ውሃ ይዘጋል። ሙሉ ቀን ከእግሩ የማይለየው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር የላስቲክ ቦቲ ነው። ይህ ቦቲ ውሃ አያስገባም ይባልለታል። እውነት ነው፣ አያስገባም፤ አንዴ የገባውንም ግን አያስወጣም። በዚህ መሐል የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ ጫፉ እንደ ደረቅ ጭቃ ይፈረፈር ጀመር። አያ ዘርጋው አየውና ተወው። ጥፍር ነው፣ ምን ይሆናል አለ። ሦስት ዓመት እንዲህ እያለ ተወው።

እሱን ጭንቀት የያዘው፣ ልጁ ይበልጣል በጥር ወር ሚስት ሲያገባ ነው። በዚያ አገር አንድ ደንብ አለ። አዲስ ምራት ቤት በገባች በሳምንቷ፣ አማቷ ከእርሻ ሲመለስ ውሃ አሙቃ ትጠብቀዋለች። እሱ እግሩን ይሰጣታል፣ እሷ ታጥበዋለች፣ እሱም ይመርቃታል። ከዚያች ቀን ወዲያ የቤቱ ልጅ ናት። አማቷ እግሩን ካልሰጣት ግን አልተቀበላትም ማለት ነው። ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ምራቲቱ እናኑ ትባላለች። እጇ ቀጥ ያለ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ናት። ቀኗ ሲደርስ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሳፋ ይዛ በር ላይ ቆመች። አያ ዘርጋው ሳፋውን ሲያይ ልቡ ድንግጥ አለ። ይህችን የሰው ልጅ ይሄን ጉድ በእጇ ላስይዛት ነው? ብትጸየፈኝስ? ቢጋባባትስ? ዛሬ ደክሞኛል፣ ይቆየኝ ልጄ አላትና ከነቦቲው ገባ። በማግስቱም ይቆየኝ አለ። በሦስተኛው ቀን በጓሮ ዞሮ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቦቲውን ማውለቅ ተወ። ሲበላ በቦቲ፣ ቤት ሲያመሽ በቦቲ፣ ለቅሶ ሲደርስ በቦቲ ሆነ። ሲተኛ ብቻ ያወልቃል፣ ያኔም ካልሲውን አጥልቆ ነው። ለሚስቱ ለላቀች እንኳ ምክንያቱን አልነገራትም። ጎረቤቶቹ፣ ይበልጣልን የዳርን መስሎን ነበር፣ ለካ የዳርነው አያ ዘርጋውን ከቦቲው ጋር ነው እያሉ ሳቁበት። እናኑ ግን አልሳቀችም። ያን ሞቅ ያለ ውሃ ጓሮ ደፍታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አይቷታል።

በተከታዩ ሰኞ ላቀች ለብቻው አስቀመጠችውና ነገረችው። ቅዳሜ ጠዋት የእናኑ ወንድም እህቱን ለመልስ ሊወስዳት ይመጣል። መልስ ሙሽራ ወላጆቿን ጠይቃ የምትመለስበት ነው፤ መመለስ ካለ።

«ልጅቷ ልብሷን አስራለች፤» አለችው። «ለሁለት ቀን የሚሄድ ሰው የክረምት ልብሱን አይዝም፣ ዘርጋው።»

አያ ዘርጋው ነገሩን ያወጣ ያወርድ ጀመር። ልጁ ምን ይላል? አገር ምን ይላል? ያቺ ልጅስ ምን በደለች? እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ። አንድ የጠራ ጥፍር። ጥፍሩ ከጠራ እግሩን ይሰጣታል፣ እግሩን ከሰጣት ትቀራለች።

ወዲያው ቦይ ዳር ሰው በሌለበት ተቀመጠና ቦቲውን አወለቀ። እባክህ ጥፍሬ፣ እስከ ቅዳሜ ጥራልኝ ብሎ ለመነ። ጥፍሩም፣ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ፈንገስ የሚሉት ነገር ላዬ ላይ ተንሰራፍቶ፣ እሱን አስለቅቅልኝ አለው። እንግዲህ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች።

አያ ዘርጋው ፈንገሱን መጀመሪያ በደግ ቃል ለመነው። አልሰማ ሲለው ከማሳው ነጭ ሽንኩርት ነቀለ፣ በድንጋይ ወቀጠ፣ በጨርቅ አድርጎ ካልሲው ጫፍ ውስጥ ከተተና ቦቲውን መልሶ አጠለቀ። የነጭ ሽንኩርት ሰው አይደል፣ ሌላ ምን ያውቃል። እስኪመሽ ድረስ እግሩ ነደደ። ካልሲውን ሲያወልቀው ቆዳው ተልጦ ውሃ ቋጥሯል፤ ፈንገሱ ግን እንደ ቅመም ቆጥሮት ቁጭ ብሏል። ጨለማ አለኝ፣ እርጥበት አለኝ፣ ሙቀት አለኝ፣ ይህን ቤት የሰጠኝ ቦቲህ ነው፣ እሱ ሳይደርቅ የትም አልሄድም አለ። እንግዲህ ፈንገስ ጥፍርን አልለቅ አለ፣ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች።

ማክሰኞ ጠዋት ቦቲውን ጠየቀው። ቦቲው አኮረፈ። መድረቅ መች ጠላሁ፣ ከገዛኸኝ ጀምሮ ፀሐይ ውስጤን አይታው አታውቅም፣ እሷን ጠይቃት አለ። ቀትር ላይ ፀሐይዋን ቀና ብሎ ጠየቃት። እሷም፣ ሰው ሁሉ የሚወቅሰኝ እኔን ነው፣ እግር ሞልቶበት በየት በኩል ልግባ፣ መጀመሪያ እግርህ ይውጣ አለች። እንግዲህ ፀሐይ ቦቲ ውስጥ አልገባ አለች፣ ቦቲ አልደርቅ አለ፣ ፈንገስ ጥፍርን አልለቅ አለ፣ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች። ማክሰኞም አለቀ።

ያን ማታ እናኑ ራቱን አቀረበችና ጎንበስ ብላ ወጣች። ቦቲውን አላየችም፣ ላለማየት ግን ስትጠነቀቅ ያስታውቅ ነበር። አያ ዘርጋው አንድ ጊዜ ጎርሶ ተወው።

ከመተኛቱ በፊት እግሩን ተቆጣው። ና ውጣ፣ ፀሐይ ልግባ ብላለች አለው። እግሩ ግን ከባለቤቱ ባሰ። ያስደበቅኸኝ አንተ፣ አሁን ደግሞ ሰው ፊት ተገልጠህ ውጣ ትለኛለህ፣ መድኃኒት ሳይሸፍነኝ ንቅንቅ አልልም አለ። እንግዲህ እግር ከቦቲ አልወጣ አለ፣ ፀሐይ ቦቲ ውስጥ አልገባ አለች፣ ቦቲ አልደርቅ አለ፣ ፈንገስ ጥፍርን አልለቅ አለ፣ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች። ትንፋሼ ሊያልቅ ነው፣ ገና ነው ደግሞ።

ረቡዕ ሽንኩርት ልሸጥ ነው ብሎ ዋሽቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። የምትመረምረው ሲስተር ውዳላት የምትባል፣ ቸኩላ የምትናገር ሴት ናት። ቦቲዎን ያውልቁ ስትለው በሩ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። እሷ አልደነገጠችም። ከጥፍሩ ሥር ትንሽ ፍርፋሪ ፋቀችና ወደ ላቦራቶሪ ላከች። እሱ ውጭ ግንብ ሥር ሲጠብቅ እግር ይቆረጣል ትለኝ ይሆን እያለ በሩን በሩን ሲያይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጠራችውና፣ ፈንገስ ነው፣ በዚህ መስኖ ካሉ ገበሬዎች ግማሹ ይህ አለበት፣ ሁሉም ግን እንደ እርስዎ ደብቆ ነው የሚመጣው አለችው። የተላጠውን ቆዳ አጥባ ቀባችለትና ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ እንዲተውለት ለመነችው።

ከዚያ አንድ ትንሽ ብልቃጥና አንድ ሞረድ አወጣች። ጥፍሩ በሳምንት አንዴ በሞረድ ይሳሳል፣ መድኃኒቱ በየቀኑ ይቀባል፣ በጣቶቹ መሐል ሁሌ ይደርቃል። ፎጣውና ሞረዱ የብቻው ይሆናሉ። ቦቲ ሁለት ይሆንና አንዱ ሲደረግ ሌላው ተዘቅዝቆ ፀሐይ ላይ ይውላል።

«እስከ ቅዳሜ ይድናል?» አላት።

«የቱ ቅዳሜ?»

«የዚህ ሳምንት።»

ሲስተር ውዳላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ የታመመው ጥፍር አይድንም። ጤነኛው ከሥሩ አድጎ ነው የሚገፋው። ዓመት ይፈጃል፤» አለችው።

ዓመት። ለቅዳሜ የቀረው ሦስት ቀን ነው። አያ ዘርጋው ብልቃጡን በኪሱ ይዞ መንገዱን ሁሉ ላብ እያጠመቀው ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ጋጣው ኋላ ተደብቆ ብልቃጡን ከፈተና በል ቶሎ በል አለው። መድኃኒቱም፣ በዚህ ወፍራም ነገር ላይ እንዴት ልስረግ፣ መጀመሪያ አሳሳልኝ፣ እስኪ ጎንበስ በል አለው። ጎንበስ ሊል ሞከረ። ሠላሳ ዓመት ቦይ የቆፈረው ወገቡ ግማሽ መንገድ ደርሶ ቀጥ አለ። ከዚህ ወዲያ አልሄድም፣ የሚሄድ እጅ ፈልግ አለው። ሞረዱ ጉልበቱ ጋ ቀረ፣ አውራ ጣቱ እዚያ ታች ሆኖ እያየው። እንግዲህ ወገብ አልጎነበስ አለ፣ መድኃኒት አልሰርግ አለ፣ እግር ከቦቲ አልወጣ አለ፣ ፀሐይ ቦቲ ውስጥ አልገባ አለች፣ ቦቲ አልደርቅ አለ፣ ፈንገስ ጥፍርን አልለቅ አለ፣ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች።

አማራጭ ሲያጣ ለላቀች ነገራት። ላቀች እግሩን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ለዚህ ነው እንዴ አለችና አፏን ያዘች። ሞረዱን ተቀብላ ሞከረች፣ ግን ዓይኗ መርፌ መሳት ከጀመረ ቆይቷል፣ ጣትህን ብቆርጠውስ ብላ መለሰችለት። ልጅህም ቢሆን በዶማ እንጂ በሞረድ አይታወቅም፣ በዚህ ቤት ቀጥ ያለ እጅ ያላት እናኑ ናት አለችው። እንግዲያው አንቺ ንገሪልኝ ሲላት ግን ፊቷን አዞረች።

«እኔ አልነግርልህም፤» አለችው። «እግሩ ያንተ ነው።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አያ ዘርጋው በእናኑ ዙሪያ ሲዞር ዋለ። ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቆመ፣ ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆመ። ሊነግራት ይመጣና ስለ ምስሩ ጠይቋት ይመለሳል። እጇን ያያል። ቀጭን፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ምስሩን አንድ በአንድ ሲለይ አይስትም። ያ እጅ፣ እግሩን የነሣኝ ሰው ዛሬ ጥፍሬን ያዝ ቢለኝ አልይዝም የሚለው መሰለው። ቢልም እውነት አለው። እንግዲህ እጅ አልይዝ አለ፣ ወገብ አልጎነበስ አለ፣ መድኃኒት አልሰርግ አለ፣ እግር ከቦቲ አልወጣ አለ፣ ፀሐይ ቦቲ ውስጥ አልገባ አለች፣ ቦቲ አልደርቅ አለ፣ ፈንገስ ጥፍርን አልለቅ አለ፣ ጥፍር አልጠራ አለ፣ አያ ዘርጋው እግሩን አልሰጥ አለ፣ እናኑም ልብሷን አሰረች።

ማምሻውን ይህንኑ በጣቶቹ እየቆጠረ ተቀመጠ። እጇ ለምን አልይዝ ይላል? እግሩን ስላልሰጣት። እግሩን ለምን አልሰጣትም? ጥፍሩ ስላልጠራ። ጥፍሩ ለምን አልጠራም? ከዚያ ፈንገሱ፣ ቦቲው፣ ፀሐይዋ፣ እግሩ፣ መድኃኒቱ፣ ወገቡ፣ ዞሮ ዞሮ መልሶ እጇ ላይ ደረሰ። ከሰኞ ጀምሮ በየደጁ እየሄደ የለመናቸው ሁሉ እምቢ ያሉት እሱ ራሱ አስቀድሞ እምቢ ስላለ ነው። ይህን ሲረዳ ይበልጥ ፈራ፤ የሚያመካኝበት አልቀረውማ።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትሞቅ ወንድምየው በቅሎ ይዞ ደረሰ። የእናኑ ጓዝ በር ላይ ነው፤ ትልቅ ነው። ይበልጣል በአንድ በኩል መሬት መሬት ያያል። እናኑ ላቀችን ስማ፣ ወደ አማቷ ዞራ፣ ደኅና ይሁኑ አባባ ብላ ጎንበስ አለች።

አያ ዘርጋው በርጩማ ጎትቶ ግቢው መሐል፣ ሰው ሁሉ ፊት ተቀመጠና ቦቲውን ይስብ ጀመር። ቦቲው አልወጣ አለ። ሁለት እጁን አድርጎ ሳበው፣ ፊቱ ቀላ። ሲወጣ ድምፅ አሰማ፣ ሽታውም ተከተለ፣ በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን መለሰች። ካልሲውን አወለቀ። የተላጠው ቆዳ፣ ቢጫው ጥፍር፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጣ። ውስጡ በእፍረት እየተቃጠለ እግሩን ወደ እሷ ዘረጋው።

«እናኑ፣ ልጄ፣ እግሬን የነሣሁሽ ጠልቼሽ አይደለም፤» አላት። «ይሄን አፍሬ ነው።»

እናኑ እግሩን አየችው። 

«ይሄን ብቻ?»

«ይሄን ብቻ።»

«እኔ እኮ አባባ፣ ያልወደዱኝ መስሎኝ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም፤» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «ለጥፍር ብለው?» አለች ደግሞ፣ አሁን በቁጣ። አያ ዘርጋው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ንዴቷ ልክ ነበረ።

ጓዳ ገባች። ሁሉም ከጓዟ ላይ የቀረ ነገር ልትይዝ የገባች መሰላቸው። የወጣችው ሳፋ ይዛ ነው። አያ ዘርጋው ይጋባል ብላለች ሲስተር፣ ተጠንቀቂ ሲላት፣ ታዲያ ከጨረስኩ በኋላ እጄን እታጠባለሁ ብላ በርከክ አለች። አጠበችው። በጣቶቹ መሐል አንድ በአንድ አደረቀችው። ላቀች ብልቃጡንና ሞረዱን ሮጣ አመጣች። ወንድምየው በቅሎዋን ይዞ ቆሞ ቀረ። አያ ዘርጋው ሊመርቃት አፉን ከፈተ፣ ዕንባ ቀደመው፣ ኋላ ግን መረቃት።

እንግዲህ አያ ዘርጋው እግሩን ሰጠ፣ እጅ ያዘ፣ ወገብ ቀና ብሎ አረፈ፣ መድኃኒት ሰረገ፣ እግር ከቦቲ ወጣ፣ ፀሐይ ቦቲ ውስጥ ገባች፣ ቦቲ ደረቀ። ፈንገስስ? ፈንገስ እንደ ሌሎቹ በአንድ ቀን አልተነሣም፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ቤቱ ደረቀበት።

እናኑ ወንድሟን አላሳፈረችም፣ መልሷን ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ጓዟን ፈታ የክረምት ልብሷን አልጋው ላይ ተወችው። ቢሆንም አያ ዘርጋው ሁለቱን ቀን መንገድ መንገድ እያየ ሥራ አልሠራም። ቦይ ሞልቶ የጎረቤት ማሳ እስኪገባ ድረስ ዓይኑ ከመንገዱ አልተነሣም። ሰኞ ከሰዓት የበቅሎዋን ጆሮ ከሩቅ ሲያይ ነው የተነፈሰው።

ከዚያ ሥራው ሆነ። በየሳምንቱ ሞረድ፣ በየቀኑ ብልቃጥ። ሁለተኛ ቦቲ ተገዛና በአጥር እንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ይውል ጀመር። በሚያዝያ ከጥፍሩ ሥር የገብስ ፍሬ የምታህል ጥርት ያለች ነገር ብቅ አለች፤ አያ ዘርጋው ለመንገደኛ ሁሉ ሊያሳይ ምንም አልቀረው። በሐምሌ ዝናብ ሰበብ ሳምንት ሙሉ ሳይቀባ ቆይቶ ቢጫው በጎን በኩል መልሶ መጣ። እሱ አለቀልኝ ብሎ እንቅልፍ አጣ፣ እናኑ ደግሞ እንደ ልጅ ቆጣችው። መልሰው ጀመሩ። በመስከረም ግማሹ ጠራ። በኅዳር የቀረው የጫፉ ብቻ ነበር። ጥር ሲመለስ ሲስተር ውዳላት ጥፍሩን አገላብጣ አየችውና በቃ፣ መድኃኒቱን ማቆም ይችላሉ፣ ቦቲዎን ማድረቅ ግን አይተዉ አለችው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ እናኑ እንደ ልማዷ ሳፋውን ይዛ መጣች። አያ ዘርጋው ከእርሻ ገብቶ በርጩማው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃታል። ጥፍሩን አየችው። ሮዝ ነው፣ ቀጭን ነው፣ የሕፃን ይመስላል። ምን ላጥበው፣ ጸድቷል እኮ አባባ አለችው። አውቃለሁ አላት። ታዲያ እግርዎን ይመልሱ አለችው።

አያ ዘርጋው እግሩን አልመልስ አለ።

ተረቴም ከዚህ ወዲያ አልሄድ አለ፣ እኔም አልጎትተውም።